ካሜራው የሚለካው በሰከንድ ነው

እንደምን አላችሁ። ዛሬ የምናገረው በብዙ የጌም ሥራዎች ላይ መጨረሻ ስለሚታወስ፣ ተጫዋቹ ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ከዓይኑ ስለማያጣው ኮድ ነው። ከጎን የሚታዩ ጌሞችን ነው የማነሣው፤ ገጸ ባሕርዩ ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚሮጥባቸውን፣ የሚዘልባቸውን፣ ዓለሙም ከስክሪኑ ኋላ የሚንሸራተትባቸውን። ይህን መንሸራተት የሚመራው ካሜራ ነው። በኮዱ ውስጥ ካሜራው ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ወደ ጎን፣ ሌላው ወደ ላይና ወደ ታች የት እንደደረስን ይናገራል። ማንኛውም ነገር ሲሳል ከራሱ ቦታ ላይ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ይቀነሳሉ። ሒሳቡ ይህን ያህል ቀላል ነው። ጭንቀቱ ያለው እነዚህ ቁጥሮች በየፍሬሙ፣ ማለትም ስክሪኑ በተሳለ ቁጥር፣ ስንት ይሁኑ በሚለው ላይ ነው።

የመጀመሪያውን መልስ ሁሉም ሰው በአንድ መስመር ይጽፈዋል፦

የካሜራ ቦታ = የገጸ ባሕርዩ ቦታ − (የስክሪኑ ወርድ ÷ 2)

ገጸ ባሕርዩ ሁልጊዜ መሃል ላይ ይቀመጣል ማለት ነው። ይህ ይሠራል ወይስ አይሠራም? ለመመለስ መለኪያ ያስፈልገናል፤ የእኔ መለኪያ ደግሞ አንድ ነው። ከገጸ ባሕርዩ ፊት የሚታየውን ርቀት ውሰዱና ለፍጥነቱ አካፍሉት። የሚገኘው ቁጥር ተጫዋቹ አዲስ ነገር ካየበት ቅጽበት ጀምሮ እስኪደርስበት ያለው ጊዜ ነው። ብዙዎቻችን ካሜራን የምናስተካክለው በፒክስል፣ በስክሪኑ ጥቃቅን ነጥቦች፣ እያሰብን ስለሆነ ይህ ጊዜ ከእጃችን ሲያመልጥ አይታወቀንም።

በቁጥር እንየው። እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው የኒንቴንዶ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ የስክሪኑ ወርድ 256 ፒክስል ነው። ማሪዮ በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ በአንድ ፍሬም 2.5 ፒክስል ይጓዛል፤ በሰከንድ ውስጥ 60 ያህል ፍሬሞች አሉ። መሃል ላይ ሲሆን ከፊቱ 128 ፒክስል አለው፤ ይህን ለመጨረስ 51 ፍሬም፣ ማለትም 0.85 ሰከንድ ይፈጅበታል። ምቹ ነው። ወደ 1991ዱ የሴጋ ሶኒክ እንለፍ። ስክሪኑ 320 ፒክስል ሆኗል፤ ይሁን እንጂ ሶኒክ በሜዳ ላይ በራሱ እግር የሚደርስበት ከፍተኛ ፍጥነት በፍሬም 6 ፒክስል ነው። 160 ለ6 ሲካፈል 27 ፍሬም ያህል፣ 0.44 ሰከንድ ይሆናል። ስክሪኑ ሰፍቶ ጊዜው ግን በግማሽ ቀነሰ። ቁልቁለት ረድቶት ፍጥነቱ በፍሬም 16 ፒክስል ቢደርስ ደግሞ 10 ፍሬም ብቻ ይቀረዋል፤ 0.17 ሰከንድ። ሰው አንድ ነገር አይቶ ጣቱን እስኪያንቀሳቅስ ሩብ ሰከንድ ያህል ያስፈልገዋል። ስለዚህ በዚህ ፍጥነት የሚመጣ እሾህ ታየ ከተባለ በኋላ ማንም ከእርሱ አያመልጥም። ተጫዋቹ በሌሊት አጭር መብራት ይዞ እንደሚበር ሹፌር ነው፤ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፣ የመብራቱ ነው።

ይህን ችግር ቀድሞ ያየው የ1981ዱ የመጫወቻ አዳራሽ ጌም ዲፌንደር ይመስለኛል። ዩጂን ጃርቪስ በዊሊያምስ ኩባንያ የሠራው ነው። መርከቡ ወደ ቀኝ ሲዞር ወደ ስክሪኑ ግራ ጠርዝ ይጠጋል፤ ወደ ግራ ሲዞር ደግሞ ዓለሙ ይንሸራተትና መርከቡ በቀኝ በኩል ይቀመጣል። ከፊት ያለው ቦታ ሁልጊዜ ከኋላ ካለው ይሰፋል። ያ አልበቃ ብሎ ከስክሪኑ አናት ላይ ሰፊውን ዓለም የሚያሳይ ትንሽ ካርታ አለ። ካሜራው ሊሰጥ ያልቻለውን ጊዜ ካርታው ሰጠ። መንሸራተት ራሱ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ይህ መታሰቡ ዛሬም ይገርመኛል። በ1990 እንኳ በተራ የግል ኮምፒውተር ላይ ስክሪኑን ያለ መቆራረጥ ማንሸራተት ከባድ ስለነበር፣ ፕሮግራመሩ ጆን ካርማክ ኮማንደር ኪን ለተባለው ጌም የተለወጡትን የሥዕል ቁራጮች ብቻ እየመረጠ የሚስል ዘዴ መፍጠር ነበረበት። ዛሬ ያ ችግር የለም። ማንኛውም የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ዓለሙን በነጻ ያንሸራትትላችኋል፤ ወዴትና መቼ የሚለው ግን አሁንም በእናንተ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ማለስለስ። መሃል ላይ የተቸነከረ ካሜራ ያደክማል። ገጸ ባሕርዩ ትንሽ በተነቃነቀ ቁጥር ዓለሙ ሁሉ ይነቃነቃል። ይህን ያየ ፕሮግራመር ሁሉ አንድ ዓይነት መድኃኒት ያገኛል፤ በየፍሬሙ ካሜራው ከዒላማው፣ ማለትም ሊደርስበት ከሚገባው ቦታ፣ የቀረውን ርቀት አንድ አሥረኛ ብቻ ይጓዝ ይላል።

የካሜራ ቦታ = የካሜራ ቦታ + (ዒላማ − የካሜራ ቦታ) × 0.1

ሲያዩት ያምራል። ካሜራው በዝግታ ተነሥቶ በዝግታ ያርፋል፤ ሁሉም ነገር ውድ ይመስላል። በመለኪያችን ስንፈትሸው ግን ጉዱ ይወጣል። ገጸ ባሕርዩ በፍሬም 6 ፒክስል እየሮጠ ካሜራው የርቀቱን አሥረኛ ብቻ የሚጓዝ ከሆነ፣ ካሜራውም በፍሬም 6 ፒክስል እስኪጓዝ ድረስ ወደ ኋላ መቅረት አለበት። ሒሳቡን ብትሠሩት መዘግየቱ 54 ፒክስል ላይ ይረጋል። 320 ፒክስል በሆነው ስክሪን ላይ ገጸ ባሕርዩ ከመሃሉ 54 ፒክስል ወደፊት ተገፍቶ ይሮጣል፤ ከፊቱ የሚቀረው 106 ፒክስል ነው። 0.44 የነበረው ጊዜ 0.29 ሰከንድ ሆነ። ከሩብ ሰከንዱ በላይ የቀረችው ትርፍ ከእጅ መዳፍ አታልፍም። በሌላ አነጋገር ይህ ካሜራ በፈጠናችሁ መጠን የመጣችሁበትን እንጂ የምትሄዱበትን አያሳይም። ለስላሳነቱን የከፈለው ከተጫዋቹ ጊዜ ነው። ይህ ቀመር በየትምህርቱ መጀመሪያ ላይ ተጽፎ ሳይ ሁልጊዜ እበሳጫለሁ፤ ቀመሩ ስሕተት ሆኖ ሳይሆን ዋጋው አብሮ ስለማይነገር ነው።

ሁለተኛም ችግር አለበት። 0.1 የምትለው ቁጥር የምትሠራው በፍሬም ነው፤ ፍሬሙ ደግሞ እንደ ማሽኑ ይለያያል። በሰከንድ 60 ፍሬም በሚሠራ ማሽን ላይ የቀረው ርቀት በግማሽ ለመቀነስ 0.11 ሰከንድ ይወስድበታል። በ30 ፍሬም 0.22 ይሆናል። በ144 ፍሬም 0.046። አንዱ ጌም በሦስት ማሽን ላይ ሦስት ካሜራ አለው። መፍትሔው ቀመሩን በጊዜ መጻፍ ነው፤ ርቀቱ በግማሽ የሚቀንስበትን ጊዜ፣ «የግማሽ ጊዜ» የምለውን፣ እናንተ ትወስናላችሁ፣ ኮዱ ደግሞ ያለፈውን ጊዜ ተመልክቶ ያሰላል።

ቀሪ ርቀት = የቀድሞ ርቀት × 0.5^(ያለፈው ጊዜ ÷ የግማሽ ጊዜ)

ይህ አጻጻፍ ሌላም ጥቅም አለው። መዘግየቱን አስቀድማችሁ ማወቅ ትችላላችሁ፤ ፍጥነት ሲባዛ በግማሽ ጊዜው፣ ሲባዛ በ1.44 ያህል ነው። ስለዚህ ያንኑ ያህል ዒላማውን ወደፊት ብትገፉት መዘግየቱ ይጠፋል፤ ከዚያ በላይ ብትገፉት ካሜራው አሻግሮ ማየት ይጀምራል።

አሻግሮ ማየት የራሱ ጣጣ አለው። ቀላሉ መንገድ ገጸ ባሕርዩ ወደሚያይበት አቅጣጫ ዒላማውን ማዛወር ነው። ወደ ቀኝ ሲያይ 64 ፒክስል ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲያይ ወደ ግራ። ከዚያ ተጫዋቹ ከኋላው የመጣበትን ጠላት ለመምታት ለአንድ አፍታ ይዞራል፤ ካሜራው 128 ፒክስል ተወርውሮ ይሄዳል፣ ወዲያው ተመልሶ ይመጣል። ሆድ ይገለባበጣል። ስለዚህ ካሜራው መዞርን ቶሎ ማመን የለበትም። ገጸ ባሕርዩ በአዲሱ አቅጣጫ የተወሰነ ርቀት፣ ለምሳሌ ሦስት ወይም አራት እርምጃ ያህል፣ እስኪሄድ ድረስ ካሜራው ባለበት ይቆይ። ያን ርቀት ሲያልፍ ብቻ ይከተለው። በ1990 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ወርልድ ይህን በጥሩ ሁኔታ ይሠራዋል፤ በዚያ ላይ በመቆጣጠሪያው ትከሻ ላይ ያሉት ሁለት ቁልፎች ተጫዋቹ ራሱ ካሜራውን ወደ ጎን እንዲገፋ ይፈቅዱለታል። የ1993ቱ ሶኒክ ሲዲ ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠ። ሶኒክ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ሲደርስ ካሜራው በፍሬም 2 ፒክስል እየተንሸራተተ እስከ 64 ፒክስል ወደፊት ይሄዳል፤ ሲዘገይ ይመለሳል። አሁን በመለኪያችን አስሉት፤ 224 ለ6 ሲካፈል 37 ፍሬም፣ 0.62 ሰከንድ ነው። ጊዜው በአርባ በመቶ ጨመረ። ከሁለቱ እኔ በፍጥነት የሚወሰነውን እመርጣለሁ፤ ቆሞ የሚያስብ ተጫዋች ከፊቱ ተጨማሪ ቦታ አያስፈልገውም፣ ከሁለቱም በኩል እኩል ማየት ይፈልጋል።

ከማለስለስ ይልቅ መስኮት መጠቀምም ይቻላል። በስክሪኑ መሃል የማይታይ አራት ማዕዘን አስቡ። ገጸ ባሕርዩ በውስጡ እስካለ ድረስ ካሜራው አይንቀሳቀስም፤ ጠርዙን ሲገፋ ብቻ በገፋው መጠን ይሄዳል። የመጀመሪያው ሶኒክ እንዲህ ነው፤ መስኮቱ ወደ ጎን 16 ፒክስል ብቻ ሲሆን ካሜራው በአንድ ፍሬም ከ16 ፒክስል በላይ እንዳይጓዝ ተከልክሏል። ሶኒክ ከዚያ ከፈጠነ ካሜራውን ጥሎት ይሄዳል። የመስኮት መልካምነቱ መዘግየቱ ከፍጥነት ጋር አለማደጉ ነው። ክፋቱ ደግሞ አጀማመሩ ነው፤ ጠርዙ ሲነካ ዓለሙ ድንገት በሙሉ ፍጥነት ይነሣል። ሰፊ መስኮት ከወደዳችሁ ለአነሣሡ ትንሽ ማለስለስ ጨምሩበት።

እስካሁን ስለ ጎን ነው ያወራሁት። ወደ ላይና ወደ ታች ያለው እንቅስቃሴ ሕጉ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ይህን የማይለዩ ፕሮግራመሮች በሁለቱም ላይ አንድ ቀመር ይጽፋሉ። ወደ ጎን መሮጥ ጉዞ ነው። መዝለል ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉዞ አይደለም፤ የወጣው ተመልሶ ይወርዳል። ካሜራው እያንዳንዱን ዝላይ ከተከተለ ተጫዋቹ ሊያርፍበት ያሰበው መርገጫ ከዓይኑ ሥር ይንሸራተታል። ለማረፍ የሚያነጣጥር ሰው ዒላማው ባለበት እንዲቆይለት ይፈልጋል። ስለዚህ ገጸ ባሕርዩ አየር ላይ እያለ ካሜራው ቁመቱን አይቀይር። አዲስ መርገጫ ላይ ሲያርፍ ያን ጊዜ ካሜራው ወደዚያ ከፍታ ይሂድ፤ እግሩ መሬት መንካቱ ውሳኔው ማለቁን ይናገራል።

ለዚህ ሕግ ሁለት ልዩ ሁኔታዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ወደ ላይ ነው፤ ገጸ ባሕርዩ በሚያስፈነጥር ሞላ ተወርውሮ ወይም ግድግዳ ላይ ተንጠላጥሎ ወደ ስክሪኑ አናት ከተጠጋ መከተል ግድ ነው። ሁለተኛው ወደ ታች ነው፤ ከተነሣበት መርገጫ በታች መውደቅ ከጀመረ ማረፍን መጠበቅ ሞኝነት ነው። የመጀመሪያው ሶኒክ ይህን ያስታረቀው አየር ላይ ከመደበኛ ቦታው 32 ፒክስል ወደ ላይና 32 ፒክስል ወደ ታች በመፍቀድ ነው፤ ሶኒክ ከዚያ ካለፈ ካሜራው ይከተላል፣ መሬት ላይ ሲሆን ደግሞ ቁመቱን ይዞ ይሄዳል።

መውደቅ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጊዜ ከሁሉ በላይ የሚያጥረው እዚያ ነው። ስክሪኖቻችን ወደ ጎን ሰፊ፣ ወደ ታች አጭር ናቸው። 320 በ224 በሆነ ስክሪን ላይ መሃል ያለ ገጸ ባሕርይ ከሥሩ 112 ፒክስል ብቻ አለው። የስበት ኃይል ደግሞ በየፍሬሙ ያፈጥነዋል። ስለዚህ በረጅም ውድቀት ጊዜ ካሜራው ከገጸ ባሕርዩ ቀድሞ ይውረድ፤ ገጸ ባሕርዩ ወደ ስክሪኑ የላይኛው ሩብ ይውጣ፣ ከሥሩ ሰፊ ቦታ ይከፈት። ቀጥ ባለ ማለስለስ የተሠራ ካሜራ እዚህ ላይ የሚያደርገውን ታውቃላችሁ፤ ገጸ ባሕርዩን ከስክሪኑ በታች አውጥቶ ይጥለዋል። ተጫዋቹ ሳይወድቅ በፊት ታቹን እንዲያይ መፍቀድም ደግ ነው። የ1992ቱ ሶኒክ 2 ይህን ቁልቁል ቁልፍ ሁለት ሰከንድ ያህል ለያዘ ሰው ሰጥቶታል፤ መዘግየቱ የተጨመረው ለመንከባለል ሲጎነበስ ስክሪኑ አብሮ እንዳይወርድበት ነው የሚመስለኝ።

የደረጃው፣ ማለትም የአንዱ የጌም ምዕራፍ (ሌቭል)፣ ጠርዝ ላይ ብዙ አልቆይም። ካሜራው ከዓለሙ ውጭ ያለውን ባዶ እንዳያሳይ ቁጥሩን መገደብ ነው። ገደቡን ግን በዒላማው ላይ አድርጉት፣ ከማለስለሱ በፊት። በመጨረሻው ቁጥር ላይ ብቻ ካደረጋችሁት ካሜራው ጠርዙ ላይ እንደ ግድግዳ ይጋጫል፤ ከዚያም ተጫዋቹ ሲመለስ ያልታየው ዒላማ የት እንደነበረ ለማወቅ ያስቸግራል። ደረጃው ከስክሪኑ የሚጠብ ከሆነ ደግሞ ዝቅተኛው ገደብ ከከፍተኛው ይበልጥና ኮዱ ይደናገራል፤ ያን ጊዜ መሃል ላይ አቁሙት።

ብዙ ሰው «ካሜራዬ ይንቀጠቀጣል» እያለ ይጠይቀኛል፤ ዘጠና ከመቶው መልስ የሚገኘው በቅደም ተከተል ውስጥ ነው። ካሜራው መሰላት ያለበት ገጸ ባሕርዩ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው። ዩኒቲ የተባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ለዚህ ብሎ ሌት አፕዴት የሚባል ተግባር አለው። ሌላው ምንጭ የሁለት ሰዓቶች አለመስማማት ነው። በዩኒቲ የፊዚክስ ስሌት ካልቀየራችሁት በሰከንድ 50 ጊዜ ይሠራል፤ ስክሪኑ ደግሞ 60 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ይሳላል። ካሜራው በአንዱ ሰዓት፣ ገጸ ባሕርዩ በሌላው ሲሄዱ በአንዳንድ ፍሬም ላይ ካሜራው ይጓዛል ገጸ ባሕርዩ ግን ባለበት ይቆማል። መፍትሔው ገጸ ባሕርዩን በሁለት የፊዚክስ ስሌቶች መካከል ባለፈው ጊዜ መጠን በሚገኝ ቦታ ላይ መሳልና ካሜራውም ያንን የተሳለ ቦታ እንዲከተል ማድረግ ነው።

ሦስተኛው ምንጭ ፒክስላቸው ጎልቶ በሚታይ ጌሞች ላይ ይከሰታል። ገጸ ባሕርዩ 200.6 ላይ፣ ካሜራው 100.4 ላይ ይሁኑ፤ ሁለቱም በፍሬም 1.3 ይጓዙ። እያንዳንዱን ለብቻው ወደ ሙሉ ቁጥር ብታዞሩ 201 ሲቀነስ 100፣ ልዩነቱ 101 ነው። በሚቀጥለው ፍሬም 202 ሲቀነስ 102፣ ልዩነቱ 100። እውነተኛው ልዩነት 100.2 ሆኖ ሳይነቃነቅ ገጸ ባሕርዩ ስክሪኑ ላይ አንድ ፒክስል ወዲያና ወዲህ ይዘላል። መጀመሪያ ቀንሱ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ አዙሩ። ማለስለስ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ መጨረሻዋን ተጠንቀቁ፤ ቀመሩ ዒላማው ላይ ፈጽሞ ስለማይደርስ ገጸ ባሕርዩ ቆሞ እያለ ዓለሙ አንድ አንድ ፒክስል እየተንፏቀቀ ይሄዳል። የቀረው ከግማሽ ፒክስል ሲያንስ ብቻ መቁረጥ አይበቃም፤ አነስተኛ ፍጥነት ስጡትና ቶሎ ይድረስ።

ንዝረትን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ፤ በፍንዳታ ጊዜ የምትጨምሩት ንዝረት በካሜራው እውነተኛ ቦታ ላይ አይጻፍ። ለብቻው ተሰልቶ ሲሳል ብቻ ይደመር፤ አለዚያ ማለስለሱ ከንዝረቱ ጋር ይጣላል። ብዙ ሰው በስክሪን እንቅስቃሴ ስለሚታመም ማጥፊያ ቁልፍ በማስተካከያው ገጽ ላይ ይኑር።

ጥያቄዎች ተነሥተው ነበር፤ አንዱን ልመልስ። አንድ ወጣት ሁለት ሰዎች በአንድ ስክሪን ሲጫወቱ ካሜራው ማንን ይከተል ብሎ ጠየቀ። የተለመደው መልስ የሁለቱን መሃል ነው፤ ሲራራቁ ደግሞ ዕይታውን ማስፋት። በመለኪያችን ስናየው ግን መሃሉን መከተል ቀዳሚውን ይቀጣዋል፤ ጠርዝ ላይ ያለው እርሱ ነው፣ አዲሱን እሾህ የሚያገኘውም እርሱ ነው። ስለዚህ ሚዛኑን ወደ ቀዳሚው አጋድሉት፤ ለእርሱ ቢያንስ ግማሽ ሰከንድ የሚሆን ቦታ ከፊቱ ይጠበቅለት። ዕይታው የሚሰፋውም ገጸ ባሕርያቱ መለየት እስኪያቅት ድረስ መሆን የለበትም። ከዚያ በኋላ የቀረውን ሰው ጠርዙ ይገፋዋል፣ ወይም ጌሙ አንሥቶ ከጓደኛው አጠገብ ያስቀምጠዋል። ሁለተኛው ይሻላል፤ ጠርዙ የሚገፋው ሰው ከግድግዳ ጋር ሲጣበቅ ምን ይሁን የሚለው ሌላ ኮድ ይጠይቃችኋል።